ከአዞው ማዶ ሰው አለ

የረመዳን ወር ሲጋመስ፣ ከኢፍጧር በኋላ ሻይ እየተጠጣ ከሚነሱ ወጎች አንዱ «ለዒድ ወዴት ብንወጣ ይሻላል?» የሚለው ነው። አርባ ምንጭ ስትጠራ ደግሞ የጉዞው መርሐ ግብር ሳይነገር ይታወቃል። በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሂዶ «የአዞ ገበያ» ይታያል፤ ዶርዜ ተወጥቶ ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀመሳል፤ ዓሣ ተበልቶ፣ ሙዝና ማንጎ ተጭኖ ይመለሳል።

ይህ መጥፎ ጉዞ አይደለም። እኔም ደጋግሜ ሄጄዋለሁ። ቅር የሚለኝ ግን ከአዞው ማዶ ሰው መኖሩን ሳንጠይቅ መመለሳችን ነው።

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ በግራችን ቀላ ያለ ሰፊ ውሃ ይዘረጋል። አባያ ነው። የጣሊያኑ አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚህ ሲደርስ ሐይቁን በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጋሪታ» ብሎት ነበር፤ የውጭ ካርታዎችም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ሆኖም በሐይቁ ደሴቶች ላይ ከእሱ በፊትም የሚኖር ሕዝብ ነበር። ከደሴቶቹ አንዷ ጊዲቾ ናት።

በጊዲቾና በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ባይሶና ሃሮ የተባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ባይሶዎች በሽመና፣ ሃሮዎች በዓሣ ማስገርና በጥንቱ የጉማሬ አደን ይታወቃሉ። ቀላል ግንዶችን ጎን ለጎን አስሮ በሐይቁ ላይ መቅዘፍ በአባያ ዙሪያ የቆየ ጥበብ ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ቋንቋቸው ነው። ሃሮኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን ባይሶኛ ግን ኩሻዊ ነው። የቋንቋ ምሁሩ ሃሮልድ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት ባይሶኛን የሶማሊኛ ዘመድ አድርጎ አቅርቦታል። ከሶማሌ ምድር ያን ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ መካከል የሶማሊኛ ዘመድ መገኘቱ ስለ አገራችን ሕዝቦች የጥንት ጉዞ የሚነግረን ብዙ ነገር አለ። ይህ ታሪክ በድንጋይ ላይ አልተቀረጸም። ያለው በሰዎች አንደበት ነው።

ለዚህም ነው ጊዜ የማይሰጠው። የጫሞን ነገር እንይ። ጋንጁሌዎች ቀድሞ በጫሞ ሐይቅ ደሴት ላይ ይኖሩ ነበር። ደሴቱን ለቀው ወደ የብስ ከወጡ በኋላ በአብዛኛው የጎረቤቶቻቸውን ቋንቋ ዘይሴኛን ወረሱ፤ የራሳቸው በአዛውንቶች ዘንድ ቀረ። ዛሬ አዞ ልናይ በጀልባ የምንዞርበት ሐይቅ የእነዚህ ሰዎች መኖሪያ እንደነበር ስንቶቻችን ሰምተናል?

በኬንያ ጠረፍ ያለችው የላሙ ደሴት ጥንታዊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጎብኚ ወደዚያ የሚሄደው የድንጋይ ቤቶቿንና የተቀረጹ በሮቿን ብቻ ለማየት አይደለም። ነዋሪው ዛሬም በጠባብ መንገዶቿ በአህያ ዕቃ እያጓጓዘ፣ በመስጊዶቿ እየሰገደ፣ በዓሉን እያከበረ ይኖርባታል። ጊዲቾ እንደ ላሙ የድንጋይ ከተማ የላትም። ነገር ግን የላሙ ትምህርት ለእሷም ይሠራል፦ ቅርሱ የሚቆየው ባለቤቱ እዚያው መኖር ሲያዋጣው ነው።

«ጎብኚ ከገባ እኮ ያበላሻል» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ሳንቲም ፍለጋ መኪና ፊት የሚጨፍሩ ሕፃናትን ያየ ሰው ይህን ስጋት አያቃልለውም። ነገር ግን አለመጎብኘትም ጋንጁሌኛን አላዳነም። ጥያቄው እንዴት እንሂድ የሚለው ነው።

በረመዳን ስለ እንግዳ አቀባበል ብዙ እንናገራለን፤ ስለ እንግዳው ግዴታ ግን ጥቂት። ወደ ደሴት የሚሄድ እንግዳ አስቀድሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ያስፈቅድ። መሪው ከደሴቱ ልጆች አንዱ ይሁን፤ ክፍያውም በእጁ ይግባ። ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቅ። ለሕፃናት ሳንቲም ከመበተን ከሸማኔው ጋቢ፣ ከዓሣ አስጋሪው ዓሣ ይግዛ። ቢያንስ ሰላምታውን በባለቤቶቹ ቋንቋ ይማር። ሕይወት አድን ጃኬት በሌለው ጀልባም አይሳፈር፤ አባያ ንፋስም አዞም አለው።

የመንግሥት ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ለሚሊዮኖች ብቻ የተጻፈ አይደለም። የአዛውንቶቹን ተረትና ታሪክ በድምፅ መቅዳት፣ ለልጆች የንባብ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ ለደሴቱ አስተማማኝ ጀልባ ማቅረብ ትልቅ ሆቴል የመገንባት ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።

ለዒድ አርባ ምንጭ የምትወርዱ ወገኖች፣ አዞውን እዩ፤ ዓሣውንም ብሉ። አስጎብኚያችሁን ግን «ጊዲቾን የሚያውቅ፣ የደሴቱ ተወላጅ የሆነ ሰው ታገናኘናለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዘንድሮ ባይሳካ እንኳ ጥያቄው ከአሥር ቤተሰብ ከመጣ፣ ለከርሞ መልስ ይዞ ይጠብቃችኋል።