“አሮጌ ናት” አትበሉን

ደህና ሆና ጋራዥ የገባች መኪና ሰርቪስ ተደርጋ በወጣች ማግስት ከፈላች፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መኪናዋን የነካት እጅ ነው። በየጋራዡ የምንሰማው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ክሱ የሚቀርበው በመኪናዋ ዕድሜ ላይ፣ ሂሳቡ የሚወራረደው በባለቤቷ ኪስ።

የእኔ ቶዮታ ለዓመታት ዳገት ስትወጣ የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ዘይትና ፍልትሮ ሊቀየርላት፣ የራዲያተሯ ውሃም ሊታደስላት ጋራዥ ገባች። ከፍዬ ተረከብኳት። ስድስት ኪሎን አልፌ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስይዝ መርፌው ወደ ቀዩ ተሳበ። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ የወጣው ቀዝቃዛ አየር ነው። ሞተር እየነደደ ማሞቂያው ብርድ ከተነፈሰ፣ ወይ ውሃው ጎድሏል፣ ወይ አየር ገብቶ መንገዱን ዘግቶታል። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ለጋራዡ ደወልኩ። ሰውዬው መኪናዋን እንኳን ሳያይ፣ “አሮጌ ናት እኮ ወንድሜ፣ ራዲያተሩ ይቀየር” አለኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ራዲያተሩ ምንም አልነበረውም። ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ አንድ ሌላ ሜካኒክ ክዳኑን ከፈተ፣ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አስይዞ፣ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጎ አስነሳት። የታፈነው አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር እየሞላ ፋኑ ተነስቶ መልሶ እስኪጠፋ ድረስ ከጎኗ አልተነቃነቀም። ውሃ የቀየረ ጋራዥ ቆሞ መጨረስ የነበረበት ሥራ ይህ ነው። ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ይህን ሥራ አቅልሎ የሚያይ ሰው አዲስ አበባ የት እንደተቀመጠች ረስቷል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሞተር የተለመደ የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። ከመፍላት የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም በግማሽ ተጠምዝዞ የተተወ ክዳን ካለ ግን ያ ሁሉ መከላከያ የለም። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ስትረሳ ግን ሞተር ታስበላለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቴርሞስታትን ነቅሎ መጣል ነው። “ይሄ ለብርድ አገር ነው” እያሉ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ያወጡታል። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና በትክክለኛው ሙቀት እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ በብርድ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ያው ዕቃ የአቋራጩን መንገድ የሚዘጋው ስለሆነ፣ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ እዚያው ይዞራል። ያኔ ዳገት ላይ የሚፈላው እሱኑ “እንዳይፈላ” ብለው የነቀሉለት ሞተር ነው። ማን ፈቀደላችሁ?

መኪና ሰርቪስ ተደርጋ ስትፈላ መታየት ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። የፋኑ ሶኬት ተነቅሎ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆን? ሞተሩ በግፊት ውሃ ሲታጠብ ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆን? የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ፣ የቱቦው ማጥበቂያ ሳይጠብቅ ቀርቶ፣ ቴርሞስታቱ ተገልብጦ ተገጥሞ ይሆን? በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውሃ ብቻ ተሞልቶ ይሆን? እነዚህ ሁሉ ሳይታዩ ራዲያተር ይቀየር የሚል ሰው እየመረመረ አይደለም፤ እየሸጠ ነው።

አየሩ ከወጣ በኋላም ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ካወጣ፣ የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ፣ ጭስ ማውጫው ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ከለቀቀ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መጠርጠር አለበት። ያኔ “እስከ ቤት ትድረስ” ማለት የለም። ከአሉሚኒየም የተሠራ ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈትም የለም፤ ፊትና እጅ የሚልጥ እንፋሎት ነው የሚፈነዳው። በነደደ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም የለም።

ቆመው የሚጠብቁ፣ የሠሩትን የሚያዩ ሜካኒኮች አሉን፤ አከብራቸዋለሁ። ጥድፊያን እንደ ቅልጥፍና የሚያስቆጥረው አሠራር ግን እነሱንም ከገበያ እያስወጣ ነው። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ሞተር ማቆየት ለብዙዎቻችን የኑሮ ጉዳይ ሆኗል፤ የላዳና የሚኒባስ ሹፌርማ ሞተሩ ከተቃጠለ የልጆቹ ምግብ ነው የሚቆመው።

ስለዚህ ከጋራዥ ስትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን እንደተፈታና ምን እንደተሞላ በወረቀት ይጻፍ። የወጣው ዕቃ፣ ቴርሞስታቱም ጭምር፣ በእጃችሁ ይግባ። ሞተሩ ፊታችሁ ይሙቅ፣ ፋኑም ፊታችሁ ይነሳ። “ጊዜ የለኝም” የሚል ካለ ሂሳቡን አትክፈሉ፤ ሥራው አላለቀም።