የጥር ሙሽሮች፣ የመስከረም ፏፏቴ
ሠርጋችን በጥር፣ የዓባይ ሙላት ግን በክረምት ማብቂያ ነው፤ አዲስ ተጋቢዎች የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በበጋ ባያዩት ደስ ይለኛል። እኔና ባለቤቴ በተጋባን በሳምንቱ ሄደን ነበር። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ዳገቱን ስንጨርስ የጠበቀን በጥቁሩ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ነጠላ የመሰለ ውሃ ነው። ባለቤቴ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፏፏቴው ስሙን ያገኘው ከርቀት እንደ ጢስ ከሚታየው ርጭቱ ነው፤ እኛ ግን ጢሱን አላየንም። ነገሩ የወቅት ብቻ አይደለም፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ከጣና ብዙ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ የኃይል ማመንጫ ይሄዳል። መብራት ያስፈልገናል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን 40 ሜትር ያህል ከሚሆን ገደል የሚወርድ፣ ሲሞላ 400 ሜትር ያህል የሚሰፋ ፏፏቴም የአገር ሀብት ነው፤ ቢያንስ በበዓላት ቀን ውሃው ቢለቀቅለት ለመንደሩ አስጎብኚዎችና ለጀልባ ቀዛፊዎችም እንጀራ ነው። እስከዚያው ሙሽሮች፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ጫጉላችሁን ለመስከረም አቆዩት። እኛ ከዓመታት በኋላ በመስከረም ተመልሰን ነበር። ገና ዳገቱ ላይ ሳለን ድምፁን ሰማነው፤ አደይ አበባው መሀል ስንደርስ ርጭቱ የባለቤቴን ነጠላ አርሶት ነበር፣ እሷም እጄን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝ።