ከምረቃ በኋላስ? የኃይል ማመንጫዎች ጥገና ሕጋዊ ዋስትና ይሻል

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ቦንድ በመግዛትና በመለገስ ተሳትፈውበታል። ይሁን እንጂ ምረቃ የኃይል ማመንጫ ዕድሜ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም።

የሀገሪቱ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ቀደምቱ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ነው በቻይና ድጋፍ ታድሶ ዳግም የተነሣው። ግልገል ጊቤ ሁለት ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚረዝመው ዋሻው ከፊሉ ተደርምሶ ለወራት ማመንጨት አቆመ።

ለጥገና የሚውል ገንዘብ የለም የሚለው መከራከሪያ ውኃ አይቋጥርም። ሳይጠገን የቀረ ትራንስፎርመር ወጪን አያስቀርም፤ አብዝቶ ለመጪው ትውልድ ያወርሳል እንጂ።

ስለዚህ የሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤቶች ለኢትዮጵያ የኃይል ዘርፍ በሚሰጥ ማናቸውም ብድርና እርዳታ ላይ ሦስት ግዴታዎች እንዲካተቱ ሊጠይቁ ይገባል፦

የእያንዳንዱን ተርባይን፣ ትራንስፎርመርና የማስተላለፊያ መስመር ዕድሜ፣ ያለበትን ሁኔታና የመተኪያ ጊዜ የሚያሳይ መዝገብ፤

ከኤሌክትሪክ ሽያጭ ገቢ ተነጥሎ የሚቀመጥ፣ ለሌላ ዓላማ የማይውል የጥገና ፈንድ፤

በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ የሚሆን የንብረት ሁኔታ ሪፖርት።

ቦንድ የገዙ ዜጎች ገንዘባቸው የዋለበት ንብረት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የማወቅ መብት አላቸው።