ቤቱ ሲለወጥ እድሩም ይታሰብ



የቀበሌ ቤት የሚባለው የመጣው በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ነው። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። ኪራዩ አነስተኛ በመሆኑ ደሃው ሕዝብ በከተማው መሀል፣ ለሥራው ቀርቦ ኖሯል። አሁን ግን የመሀል ከተማ ሰፈሮች በልማት ምክንያት እየተነሡ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ነገ ተራው የኛ ሊሆን ይችላል።

አሮጌው ቤት ይሻላል የሚል የለም። ጣራው ያፈሳል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው። ምትክ ቤት ማግኘት ጥሩ ነገር ነው። ጥያቄው ቤት ብቻውን ያኖራል ወይ ነው።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ደንበኞቿ ያሉት እዚሁ ነው። የቀን ሠራተኛውም ጠዋት ወጥቶ ሥራ የሚያገኝበትን ቦታ የሚያውቀው እዚሁ ነው። ከዳር እየተመላለሱ የሚከፈለው የታክሲ ሂሳብ ከቀበሌው ኪራይ ይበልጣል። የ20/80 ኮንዶሚኒየም የደረሰውም 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን ለባንክ በየወሩ መክፈል አለበት። ይህን ያልቻሉ ብዙዎች ቤታቸውን አከራይተው ራሳቸው ሌላ ቦታ ተከራይ ሆነዋል።

ከሁሉ የሚብሰው የእድሩ ነገር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በስንት ዓመት መዋጮ የተገዛ ነው። ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን መዋጮው ይቋረጣል። አዲስ ሰፈር ላይ ሐዘን ቢደርስ ማን ይደርሳል? ቤት ምትክ አለው፣ ጎረቤት ግን ምትክ የለውም።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ/ የቤት ውልና የኪራይ ደረሰኝ በደንብ ይቀመጥ። የጠፋበት ሰው ከአሁኑ ያመልክት። ተነሡ ከተባለ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

2ኛ/ የመነሣቱ ነገር ቢመጣ ጎረቤታሞች ባንድ ቦታ እንዲመደቡ፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደረጃ የማይወጣበት ቤት እንዲያገኙ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ እንጠይቃለን። ማመልከቻው ጽሕፈት ቤት ስላለ እየመጣችሁ ፈርሙ።

3ኛ/ በልማት ምክንያት ከሰፈር የወጣ አባል ከእድር እንዳይሰረዝ የደንብ ማሻሻያ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል።

ባለጉዳይ ብቻውን ሲሄድ ነገ ተመለስ ይባላል። ባንድ ላይ ከጠየቅን ግን ሰሚ እናገኛለን። ስለዚህ ከስብሰባው ማንም እንዳይቀር።

የማኅበሩ ጸሐፊ