ዋይፋዩ ለእንግዳ፣ ብርዱ ለተማሪ

ዛሬ የምናወራው ስለ ቡፌ ነው። አዎ፣ ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ ስለሚደረደርበት ቡፌ!

ሮቤ ወይም ጎባ ያደገ ሰው ቤታችንን ሳያየው ያውቀዋል። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ፣ በመሀል ልብስ የሚሰጣበት ግቢ። ሳሎኑ የእንግዳ ነው፤ እንግዳው ደግሞ የሚመጣው ለዓመት በዓል ነው። በቀረው ጊዜ ሶፋው ዳንቴሉን ለብሶ ብቻውን ይቀመጣል። እኛ ልጆቹ የምናድረውም፣ የምናጠናውም፣ ይቺን ጽሑፍ የምንሞነጫጭረውም ሰርቪስ ነው።

ኢንተርኔት የገባ ዕለት ባለሙያው «ራውተሩን የት ላስቀምጠው?» ሲል አባዬ ሳያመነታ ቡፌውን አሳየው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ። እማዬ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል ጣል አደረገችበት። በቃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶው ሶፋ ዩቲዩብ እንደ ልቡ ማየት ይችላል። ታናሽ እህታችን ግን ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። እሷም ማታ ማታ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የዋናው ቤት በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፤ ሰርቪስ ውስጥ ሲግናል የለማ! ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በረንዳ ላይ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ የደጋ ሰው ያውቀዋል።

ከአዲስ አበባ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአሰላ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርገን በአውቶቡስ ስንመጣ ቀናችን ያልቃል። ኢንተርኔት ያን ያህል ርቀት በዓይን ጥቅሻ ይጨርስና፣ ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ያለችው 20 እርምጃ ታቅተዋለች። አይገርምም?

አባዬ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው «ፓኬጁን እናሳድገው» የሚል ነው። የማንስማማው እዚህ ላይ ነው። የፓኬጅ ፍጥነት ሌላ፣ ዋይፋይ ቤቱን ማዳረሱ ሌላ። ከመንገድ የሚመጣውን የውሃ ቧንቧ ብታወፍሩት፣ ጎማው ጓዳ ካልደረሰ ጓዳ ያለው እንስራ አይሞላም። እናንተም ብር ከመጨመራችሁ በፊት ይህቺን ሞክሩ። ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ፍጥነቱን ለኩ። ከዚያ ኋላ ክፍል ገብታችሁ ድገሙት። ሁለቱም ጋ ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ከውጭ ሊሆን ስለሚችል ደውላችሁ አመልክቱ። ራውተሩ ጋ ፈጣን ሆኖ ኋላ ከሞተ ግን ጥፋቱ የቤታችሁ ነው፤ ትልቁ ፓኬጅም እዚያው ሳሎን ይቀራል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ያደክመዋል እንጂ አያስቆመውም። ብሎኬትና ኮንክሪት ይብሳሉ። ቆርቆሮ ግን እንደ መስታወት ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ጣሪያውም የጎን ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጦ ሲግናል መጠበቅ ጣሳ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ እንደ መሞቅ ነው። ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት መስመሮች ካሉት ደግሞ፣ 5ቱ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይፈራል። 2.4ቱ ቀርፈፍ ቢልም ራቅ ብሎ ይደርሳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛው መላ ገንዘብ አይፈልግም፤ ራውተሩን ከቡፌ አውጥቶ የቤቱ መሀል ላይ፣ ኮሪደር ቢሆን ይመረጣል፣ ከፍ አድርጎ መስቀል። (በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ ግን መሀል ቤት ሳይሆን የውጭው ኔትወርክ በደንብ የሚገባበት መስኮት ጋ ነው ቦታው።) ሁለተኛው ሪፒተር ነው። ርካሽ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ሲግናል በሞተበት ክፍል እንሰካውና «አይሠራም» እንላለን። የሚደግመው ነገር ሳያገኝ ምን ይድገም? ሲግናል ገና ጥሩ በሆነበት መካከለኛ ቦታ ነው የሚሰካው። እንዲያም ሆኖ በአንድ ሬዲዮ የሚሰማና የሚናገር ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ሦስተኛው ሜሽ የሚሉት፣ ተጋግዘው የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሳጥኖች ነው። ክፍሉ ለበዛ ቪላ ግሩም ነው፤ ሳጥኖቹ በአየር ብቻ ከተገናኙ ግን የቆርቆሮው ነገር እነሱንም ያስቸግራቸዋል።

ለእንደኛ ዓይነት ግቢ የምንመርጠው አራተኛውን ነው፦ ሽቦ። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ቆርቆሮም ጭቃም አይገደውም። ለውጭ የሚሆነውን ዓይነት ገዝቶ፣ በፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ፣ ከመብራት መስመር አርቆ መዘርጋት ነው። ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት ይቀጠላል፤ አሮጌ ራውተርም ከተስተካከለ ይህን ሥራ ይሠራል። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ ካደረጋችሁት ስልካችሁ ራሱ እየቀያየረ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ለሁለቱም ጫፍ አስቡበት። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ ግድግዳ ሳትበሱ በመስኮት ክፍተት አሳልፉት፤ ስትለቁ ጠቅልላችሁ ትሄዳላችሁ። ኬብል አንዴ ነው የሚገዛው፣ ትልቅ ፓኬጅ ግን በየወሩ ይከፈልበታል።

ይህን ሁሉ ለአባዬ ስናስረዳው ምን አለ? «ሳጥን ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ እንግዳ ሲያይ ምን ይላል?»

እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው እንግዲህ። የቴክኒኩ ነገር በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። የማያልቀው፣ በቤታችን ማን ይቀድማል የሚለው ነው። እንግዳ ማክበር ወጋችን ነው፣ አንቃወምም። ግን ምርጡ ክፍል፣ ምርጡ ወንበር፣ ምርጡ ብርጭቆ ለእንግዳ ተብሎ ሲቀመጥ አድገን፣ አሁን ደግሞ ምርጡ ሲግናል ተጨመረበት። በየወሩ የሚከፈልበት ነገር በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚመጣ ሰው ተሰጥቶ፣ በየማታው የምትፈልገው ልጅ በረንዳ ላይ ስትንቀጠቀጥ ዝም ማለት አልቻልንም። ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት ብቻዋን ውጭ መቀመጧም የብርድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ዳንቴሉን ራሷ አነሳችው። «ልጄ ከምትታመም ቡፌው ይቅርበት» አለች። ኬብሉን ከልብስ ማስጫው አጠገብ ዘረጋን። አባዬ አንድ ቃል አልተናገረም። ማታ ግን ሰርቪስ ብቅ ብሎ ስልኩን እያየ «እዚህ ደርሷል?» አለ። ደርሷል አልነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ዜናውንም እኛ ጋ ጨረሰ።

እህታችን እያጠናች ነው፣ ፈተናው ገና ነው። እናንተስ? ዛሬ ማታ ቡፌያችሁን ከፈት አድርጋችሁ እዩ እስቲ።

ቸር እንሰንብት!