«ኔትወርክ የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማስረጃ ለማውጣት እዚሁ ሐዋሳ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ለመውቀስ አልተነሣሁምና ስሙን አልጠራም። በመስኮቱ ፊት የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነው። ጸሐፊው ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ኔትወርክ የለም፤ ነገ ተመለሱ» አለን። ይህች ቃል ለአንባብያን አዲስ አይደለችም። እኔም እንደ ልማዴ ልመለስ ስል፣ አብሮኝ የነበረው የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ ጥቂት ይታገሡ» አለኝ።

ይህ ልጅ ኮሌጅ እስኪገባ ድረስ ኮምፒዩተር በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። የኔትወርክ ትምህርት በጀመረ በሁለተኛው ወር ቤቴ ድረስ መጥቶ «ልተወው ነው» አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው እንዲህ ሲል አጫወተኝ።

በቤተ ሙከራ ሁለት ኮምፒዩተሮች በገመድ አገናኝቶ እንዲያነጋግር ታዘዘ። በገመዱ ውስጥ ያሉትን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው ተራ አሰናድቶ ሰካቸው፤ መብራቱም በራ። ሆኖም አንዱ ሌላውን ቢጠራው መልስ የለም። ጓደኞቹ ጨርሰው ሲወጡ እሱ መጠየቅ አፍሮ እስኪመሽ ተቀመጠ። በመጨረሻ መምህሩ መጥተው አንዲት አኃዝ በጣታቸው አመለከቱት። የአንደኛው ኮምፒዩተር አድራሻ 192.168.1.10 ሲሆን፣ ሁለተኛውን 192.168.1.25 ማለት ሲገባው 192.168.2.25 ብሎ ጽፎት ኖሯል።

ነገሩ በአገራችን ልማድ ቢመሰል ይገባል። ለሰፈር ሰው የሚላክ ወረቀት በልጅ እጅ ይደርሳል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ሲሆን ግን ፖስታ ቤት መሄድ አለበት። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። 255.255.255.0 የሚል ቁጥር ሲሰጠው፣ ከአድራሻው ውስጥ የፊተኞቹ ሦስቱ የሰፈር ስም፣ የመጨረሻው የቤት ቁጥር መሆናቸውን ያውቃል። ሰፈሩ አንድ ከሆነ መልእክቱን ራሱ ያደርሳል፤ ሌላ ከሆነ ራውተር ለሚባለው መሣሪያ፣ ማለት ለፖስታ ቤቱ፣ ይሰጣል። በልጁ ጠረጴዛ ላይ ግን ራውተር አልነበረም። ስለዚህ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ኮምፒዩተሮች እንደ ባዕድ ተፋጠው ዋሉ።

«በአንዲት አኃዝ እንዲህ ከዋልኩ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም» አለኝ። እኔም አንድ ታሪክ ነገርኩት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን 1969፣ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ ከሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ዛሬ ኢንተርኔት ለምንለው መረብ መሠረት በሆነው መሥመር የመጀመሪያውን መልእክት ላከ። ሊልክ ያሰበው «ሎግኢን» የሚለውን አምስት ፊደል ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ሁለት ፊደል እንዳለፈ የወዲያኛው ኮምፒዩተር ተሰናከለ። ስሕተቱ ተፈልጎ ታረመና አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቃሉ በሙሉ ደረሰ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1989 ዓ.ም. ነው። «ታዲያ የአንተ አንድ ቀን ምኑ ያሳፍራል? የሚያሳፍረውስ ሳይጠይቁ ማምሸት ነው» አልኩት። ልጁም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት የቆመው ይኸው ልጅ ነው። ጸሐፊውን በትሕትና «ጋሼ፣ ከኮምፒዩተሩ በስተኋላ ገመዱ የሚሰካበት ላይ ትንሽ መብራት ይታያል?» ሲል ጠየቀው። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አየ፤ መብራት የለም። የገመዱ መያዣ ተሰብሮ ኖሮ፣ ምናልባት ቤቱ ሲጠረግ፣ ከቦታው ወጥቷል። ገፋ ቢያደርገው መብራቱ በራ፤ ሰልፉም መንቀሳቀስ ጀመረ።

ስንመለስ ሥርዐቱን አስረዳኝ። መጀመሪያ ገመዱንና መብራቱን ማየት፤ ቀጥሎ የራስን አድራሻ መመርመር፤ ከዚያ ራውተሩን ጠርቶ መልስ መጠበቅ፤ በመጨረሻ ከግቢ ውጭ ያለውን መሞከር። ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። እርግጥ መሥመሩ ከከተማ ውጭ ሲቆረጥ ጸሐፊው የሚያደርገው የለም። ቢሆንም የተቋረጠው ከጠረጴዛው ሥር ይሁን ከሩቅ ማወቁ፣ ለማን እንደሚደወልና ባለጉዳዩም ይጠብቅ ወይስ ይመለስ እንደሚባል ለመወሰን ይረዳል።

ስለዚህ እናንተ በመስኮት ወዲያ የተቀመጣችሁ ወጣት ሠራተኞች፣ «ኔትወርክ የለም» ከማለታችሁ በፊት «ከየት ጀምሮ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በዚያ ቀን ከፊቴ የተሰለፉት እናት የመጡት ከይርጋለም ነበር። «ነገ ተመለሱ» በተባለ ጊዜ የመሳፈሪያ ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲቆጥሩ አይቻለሁ።