ስልኩ ሲቆረጥ ለማን አቤት ይባላል?



ይህን ጽሑፍ ስትገልጡ ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገድና ስለ ሰላም እንደምንናገር ጠብቃችሁ ነው። እንናገራለንም፤ ሌሎቹ ገጾች የዚያ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ስለ ስልክ መናገር እንፈልጋለን። «አገር ታምሶ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ስለ ኢንተርኔት ማውራት የከተሜ ወሬ አይደለም ወይ?» የሚል ወገን እንዳለ እናውቃለን። ይህ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት ቢነሳ ኖሮ አንከራከረውም ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውኃ የሚቋጥረውን ጥቁር አፈር በመደብ እያጠነፈፈ ስንዴና ምስር የሚያመርተው የጅሩ ገበሬ እህሉን ከመጫኑ በፊት የአዲስ አበባን የእህል በረንዳ ዋጋ በስልክ ይጠይቃል። ወራት ሙሉ ቀልቦ ያደለበውን ሰንጋ ለፋሲካ ገበያ ሲያወጣ ፎቶውን አንስቶ ለነጋዴው የሚልክለት ልጁ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቶ የሰንጋውም የእህሉም ሒሳብ በስልክ መከፈል ጀምሯል። አረብ አገር ያለች ልጅ ለእናቷ የምትልከው ብር መድረሱን የምታውቀው በስልክ ነው። መስመሩ ሲጠፋ ዋጋ የሚያውቀው ደላላው ብቻ ይሆናል፤ ገበሬውም በተነገረው ዋጋ ሸጦ ይመለሳል።

በመሆኑም ስልክ እንደ በሬው፣ እንደ ሞፈር ቀንበሩ የእርሻ መሣሪያ ሆኗል። የገበሬን በሬ ያለ ፍርድ የሚነዳ ሰው ሌባ ይባላል። መስመሩን ያለ ፍርድ የሚቆርጠውስ ምን ይባላል?

እንደሚታወቀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ላይ ያነጣጠረ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። አዋጁ ለስድስት ወር ነው ተባለ፤ ከዚያም አራት ወር ተጨመረበት፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጊዜው አበቃ። በብዙ ቦታ ግን ኢንተርኔቱ ከአዋጁ ጋር አብሮ አልተመለሰም። የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን መስመር ለመቁረጥ ያስችላል ብለን ለክርክሩ ያህል ብንቀበል እንኳ፣ አዋጁ ካለቀ በኋላ በየትኛው ሕግ ነው የተቋረጠው? ማን ፈረመበት? እስከ መቼ ተብሎ? ቀንና ፊርማ ያለበት የማቋረጥ ትእዛዝ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ያየ ሰው ካለ ያሳየን። ውኃና መብራት እንኳ ሲቋረጥ ቢያንስ ማስታወቂያ ይለጠፋል።

ይህ የአንድ መንግሥት ወይም የአንድ ክልል ብቻ ታሪክ አይደለም። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት መላላክ በመላ አገሪቱ ተዘግቶ የተከፈተው በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ጥፋቱ ሕዝቡ በዚያ መልእክት ስለ ምርጫ መነጋገሩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በወለጋ ወራት የፈጀ መቋረጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት ክረምት የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ለሳምንታት ተዘጋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ባንኩም ተዘግቶ እናት የልጇን መኖርና መሞት ሳታውቅ ከረመች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ታገዱ። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለእነዋሪ የተለየ ርኅራኄ ለመጠየቅ አይደለም። ወለጋ ላይ ሲቆረጥ ልክ ነው፣ ትግራይ ላይ ሲቆረጥ ልክ ነው፣ እዚህ ሲቆረጥ ብቻ በደል ነው የሚል ፖለቲካ ፓርቲያችን አይቀበልም።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ጋዜጠኞች ስለዚሁ ጉዳይ ሲጠይቋቸው ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም የሚል መልስ ሰጥተው ነበር። እውነት ነው፣ አይደለም። ማዳበሪያም ውኃና አየር አይደለም፤ በሐምሌ ዘግይቶ በመስከረም ቢመጣ ግን ምን እንደሚሆን የጅሩ ገበሬ ያውቀዋል። የመንግሥት ሥራ ነገሩ አየር ነው አይደለም ብሎ መመራመር ሳይሆን ሕግ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት አይደፈሬነት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃን በማናቸውም ዘዴ የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ደንግጓል።

የጸጥታ ጉዳይ እንዳለ አንክድም። በጦርነት ላይ ያለ መንግሥት የታጠቀ ወገን በስልክ እንዳይገናኝ ቢፈልግ አይደንቅም። ነገር ግን ዝምታው የሸፈነው ምንድን ነው? ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ማረጋገጡን የገለጸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ሬሳ ተቆጥሮ እስኪታወቅ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የታጠቀው ኃይል ያለ ኢንተርኔትም ሲዋጋ ሰንብቷል፤ ሐኪም መጥራት ያቃታት ወላድ ግን አማራጭ አልነበራትም።

ገዥው ፓርቲ በዚህ መስክ እንደ ታላቅ ድል የሚያቀርበው የቴሌኮም ገበያውን መክፈቱን ነው። የሳፋሪኮም ጥምረት በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ውድድር መምጣቱን እንደግፋለን፤ ለመቶ ዓመት በላይ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስልክ ሲሸጥልን የወረፋውንና የዋጋውን ነገር የምናውቅ ነን። ነገር ግን ሁለተኛ ኩባንያ መኖሩ የ2015ቱን መቋረጥ አላስቀረውም። ሲም ካርዱ ሁለት ዓይነት ቢሆንም መቀሱ የአንድ ሰው ነው።

አክሲዮኑም እንደዚሁ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ፣ የገዛውም ከ47 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነው። ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለው፣ በ2017 የበጀት ዓመት ከ160 ቢሊዮን ብር በላይ ያስገባ ድርጅት ነው እንግዲህ። ሕዝቡ ገንዘብ አጥቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህም አለበት። እኛ ግን ሌላም ምክንያት ይታየናል፤ ባለሥልጣን በፈለገ ጊዜ ሱቁን ሊዘጋው በሚችል ንግድ ውስጥ ጥሪቱን የሚያስቀምጥ ብልህ ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ ሕግ አልወጣም ወይ? ወጥቷል፣ በገፍ። የወጣው ግን አብዛኛው በተጠቃሚው ላይ ነው። የ2004ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ማቅረብን እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት አስቀጣ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ከቀረበባቸው ክስ አንዱ የኮምፒውተር ግንኙነታቸውን ከሰላይ የሚጠብቁበትን ዘዴ መማራቸው ነበር፤ ደብዳቤህን ለምን አሸግህ እንደማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት እስራት ያደርሰዋል። ኩባንያዎቹንም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ያዛል። ስመ ጥር ጋዜጠኛ ሁሉ ከ5,000 በላይ ተከታይ አለው። በአንድ መንደር ቤት ለማስቃጠል ግን 500 ተከታይ ይበቃል። ይህ ቁጥር ከጉዳቱ ይልቅ ታዋቂነትን የሚመዝን ነው።

ስለ ውጭ ኩባንያዎቹ ያለንን አቋም ሳንሸፋፍን እንናገር። የኔትወርኩን መሣሪያ ዜድቲኢና ሁዋዌ ከቻይና አቀረቡ፤ በ2005 ዓ.ም. ብቻ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈርሟል። የስለላ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከአውሮፓ መጣ። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የሚላኖ ኩባንያ መሣሪያ መጠቃታቸውን ይፋ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ክረምት የኩባንያው የራሱ ሰነዶች ሾልከው ሲወጡ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበረ ታየ። የተከፈለው ገንዘብ የእናንተ ግብር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት የፍርድ ቤት ጉዳዮችን እንዲያነጻጽር እንጠይቃለን። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ ፊንስፓይ በተባለ መሰለያ መጠለፉን ሲያውቅ፣ ለደኅንነቱ ሲል ኪዳኔ በሚል ስም የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2009 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የሌላ አገርን መንግሥት በዚህ መክሰስ አይቻልም አለ። ሁለተኛው የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጉዳይ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት እኚህ ትግራዋይ ምሁር ስማቸውና ፎቶአቸው በፌስቡክ ላይ ከተለጠፈና ስድብና ውንጀላ ከዘነበባቸው በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ አስቀድሞ ለኩባንያው ማመልከቱን ይናገራል። ከሌሎች ጋር ሆኖ ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

ልብ በሉ! አንዱ ዋሽንግተን ሄዶ በር ተዘጋበት፤ ሌላው ናይሮቢ ሄዶ በር ተከፈተለት። ሁለቱም አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር አልከሰሱም። ለምን ይመስላችኋል? ኢትዮጵያዊ የአገሩን መንግሥትና የዓለምን ትልቅ ኩባንያ ለመክሰስ አውሮፕላን መሳፈር ካለበት፣ ለጅሩ ገበሬ ያ ፍርድ ቤት ከነጭራሹ የለም ማለት ነው። ፓርቲያችን የሚታገለው ይህንኑ ፍርድ ቤት ወደ ደብረ ብርሃን ለማምጣት ነው።

ስለዚህ ድምፃችሁን ሰጥታችሁን ምክር ቤት ብንገባ የምናቀርበው ረቂቅ ሕግ አስቀድሞ የሚያስረው ባለሥልጣኑን ነው። በአንድ አካባቢ ስልክ ወይም ኢንተርኔት እንዲቋረጥ የሚሻ አካል ምክንያቱን፣ ቦታውንና የሚያበቃበትን ቀን ጽፎ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመለክታል። ድንገተኛ አደጋ ከሆነ ቆርጦ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱ ካላጸደቀው መስመሩ ይከፈታል። ትእዛዙ ለሕዝብ ይለጠፋል። ፊርማ የሌለበትን የስልክ ትእዛዝ ተቀብሎ መስመር የሚቆርጥ ኩባንያ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በፈቃዱ ይጠየቃል። ይህ ለኩባንያዎቹም ጋሻ ነው፤ ዛሬ እምቢ የሚሉበት ሕግ በእጃቸው የለም። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተጠሪነቱ በቀጥታ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በዚሁ መሥሪያ ቤት እጅ ስለሆነ ነገሩ ድርብ ክብደት አለው። የፋይዳ አሻራችሁ፣ የባንክ ሒሳባችሁና ስልክ ቁጥራችሁ እየተያያዙ ባሉበት ዘመን ጠባቂው ራሱ የሚጠበቅ ካልሆነ አደጋ ነው። የስለላ መሣሪያ ግዢም የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሳያውቀው አይፈጸምም።

ለውጭ ማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የምንለው አጭር ነው። ከኢትዮጵያ ተጠቃሚ ገንዘብ የሚያገኝ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ መጥሪያ የሚቀበል ወኪል ያስቀምጥ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ አንብቦ የሚረዳ በቂ ሠራተኛ ይቅጠር። ይነሳ አይነሳ የሚለውን ክርክር ዳኛ ይፍታው፤ የ5,000 ተከታይ መለኪያውም ይሰረዝ።

ሕጉ ሲጸድቅ ያለ ፍርድ በተቆረጠ መስመር ምክንያት የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ያለፈበት፣ የሰንጋ ሽያጩ የፈረሰበት፣ የላኩለት ብር ያልደረሰው ሰው ደረሰኙን ይዞ ደብረ ብርሃን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይከሳል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው መንግሥት ያቆምለታል፤ መስመሩ በሕግ መቆረጡን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀውም በቆራጩ ላይ እንጂ በገበሬው ላይ አይደለም።